የልብ ወለድ ቀማሿ

ያቺን ከተማ ማን ብዬ እንደምጠራላችሁ ቸግሮኛል። ስም አጥታ አይደለም። ነዋሪዎቿ በስሟ ላይ ሲጨቃጨቁ ኖረው፣ ሲሰለቻቸው ከተማቸውን «እዚህ»፣ የቀረውን ዓለም በሙሉ ደግሞ «እዚያ» ማለት ለመዱ። እኔም ክርክር ስለማልወድ ከተማዋ እያልኩ አልፋለሁ።

በከተማዋ መጠጥ የሚያቀርብ ሰው መጀመሪያ ጠብታ መዳፉ ላይ አድርጎ ይቀምሳል፤ መርዝ የለበትም ማለቱ ነው። ይህ የትም ያለ ወግ ነው። የከተማዋ ሰዎች ግን ወጉን ወደ ልብ ወለድም አሻገሩት። ምክንያት አላቸው። በአያቶቻቸው ዘመን አንድ ልብ ወለድ ወጥቶ፣ ሴቱም ወንዱም አንብቦት፣ በዚያው ክረምት ትዳር በላይ በላዩ ፈረሰ ይባላል። መጽሐፉ ውስጥ አንዲት ሴት ባሏን «ለምንድን ነው ዝም የምትለኝ?» ብላ ትጠይቀዋለች። በቃ፣ ጥፋቱ ይኸው ነው። ያነበቡት ሴቶች ሁሉ ቤታቸው ገብተው ያንኑ ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው መከሩና ከእንግዲህ ማንኛውም ልብ ወለድ ሳይቀመስ ለሰው አይቀርብም ብለው ደነገጉ። ባሎቹ ያልመለሱት ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቀረ።

ደንቡ ቀላል ነው። አዲስ ልብ ወለድ ታትሞ ያልቅና በጋሪ ተጭኖ የጣዕም ሹሙ መጋዘን ይገባል። ቀማሽ የሚባለው ሰው ብቻውን ያነበዋል። በገበያ ቀን የአዳራሹ ደረጃ ላይ ይቆምና ስለ መጽሐፉ የተሰማውን ይናገራል፤ ንግግሩንም «ተስማማኝ» ወይም «አልተስማማኝም» ብሎ ይዘጋል። የተስማማው ለመጻሕፍት ሻጮች ይሰጣል። ያልተስማማው ለቅመም ነጋዴዎች ይሄድና፣ ቅጠል በቅጠል ተገንጥሎ የበርበሬና የእርድ መጠቅለያ ይሆናል። ሦስተኛ ቃል የለም። መቅመስ ከማሳተም መቅደም አልነበረበትም ወይ ብላችሁ የጠየቃችሁ እንደሆነ ቅመም ነጋዴዎቹ ያኮርፏችኋል።

ወይዘሮ ዝማም ይህን ሹመት ያገኘችው በጨው ምክንያት ነው። አንድ ትልቅ ሰው ልጁን ሲድር ተጠርታ፣ ዕድምተኛው ሁሉ ውኃ በላይ በላዩ እየተጎነጨ «እጃችሁ ይባረክ» ሲል፣ እሷ የጎረሰችውን ዋጥ አድርጋ «ጨው በዝቶበታል» አለች። የጣዕም ሹሙ አቶ ቢተው እዚያው ነበሩ። እኚህ ሰው ሆዳቸው ሰፊ፣ ፊታቸው ሁልጊዜ አሁን ከእንቅልፍ የተነሳ የሚመስል ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አስተያየት ያለው ሰው ሲፈልጉ ኖረው እዚያ ድንኳን ውስጥ አገኙት። በማግስቱ ሹመቷን ላኩላት። ሙሽሮቹ ግን እስካሁን አያናግሯትም።

መጀመሪያ ላይ ደስ አላት፤ ለምን አይላት? ቤቷ ቁጭ ብላ ታነባለች፣ ወጥታ የተሰማትን ትናገራለች። ስለ ሁለት ወንድማማቾችና ስለ አንድ የውኃ ጉድጓድ የተጻፈውን ወፍራም መጽሐፍ፣ እስከ ሠርጉ ድረስ እንደወደደችው፣ ከሠርጉ ወዲያ ግን ደራሲው እንደደከመው፣ እሷም አብራው እንደደከማት ተናገረች። ዕንባ ያላፈሰሰበት የለም የተባለለትን የፍቅር ታሪክ ስታነብ አንዲት ዘለላ እንዳልወጣት፣ እንዲያውም ልጅቷን ትከሻዋን ይዛ መነቅነቅ እንዳማራት ሳትደብቅ አወራች። ወንጀል የሚመረምረው ሰውዬ ያለበትን መጽሐፍ ስታነብ ደግሞ፣ ገዳዩን በመጀመሪያው ምዕራፍ ስላወቀችው እስከ መጨረሻው ለመርማሪው ስታዝንለት ከረመች። ገበያተኛው ሽንኩርቱን ጥሎ ያዳምጣት ነበር።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሰው ማንበቡን ተወ። ዝማም ካነበበችው እኔ ምን ቆርጦኝ ነው የምደክመው አለ። መጽሐፉን ይገዛል፣ መደርደሪያው ላይ ያቆማል፣ የዝማምን አስተያየት ይዞ ይሄዳል። እንግዳ ቤት ሲመጣ «ያቺን ልጅ እኮ ትከሻዋን ይዞ መነቅነቅ ነበር» ይባባላሉ፤ የልጅቷን ስም የሚያውቅ ግን የለም። እጮኛሞች ሳይቀሩ በዝማም አስተያየት ተስማምተው ተጋብተዋል፤ ሲጣሉም በዚያው ተጣሉ።

ደራሲዎቹም ሰዎች ናቸው፣ ጆሮ አላቸው። አንድ ቀን ዝማም ስለ አንድ መጽሐፍ ስትናገር፣ ደጅ የታሰረች አሮጊት አህያ ዝናብ ሲወርድባት የሚያስገባት ጠፍቶ የምትቆምበት ገጽ አንጀቷን እንደበላት ጣል አድርጋ አለፈች። በቀጣዩ ወቅት የመጣው ልብ ወለድ ሁሉ ዝናብ ላይ የቆመች አህያ ነበረበት። በፍቅሩም በወንጀሉም አህያ ቆመች። ታሪኩ ከዳር እስከ ዳር መርከብ ላይ የሚያልቅ መጽሐፍ ሳይቀር አህያ ተሳፍራበት መጣች፤ ዝናቡም ከባሕሩ በላይ ተጨመረ። ሰዉ ደግሞ ነገሩ ውበት መሆኑን ስለሰማ ዝናብ ሲመጣ አህዮቹን እየነዳ ደጅ ያስራቸው ጀመር። አቶ ቢተው በመሥሪያ ቤታቸው የአህያ ጉዳይ ክፍል ከፈቱ። አህዮቹን የጠየቃቸው የለም።

ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ ዋናው ሰውዬ እየሳለ እየሳለ የሚሞትበት መጽሐፍ ሰለቸኝ አለች። ከዚያ ወዲህ በልብ ወለድ ውስጥ ጉንፋን የያዘው ሰው አልተገኘም። ቀጥሎም የሚሞት ጠፋ። ዕድሜው የገፋው ሁሉ «ራቅ ወዳለ አገር» ይሄዳል። ይህም ወደ ሰፈር ወረደና፣ ልቅሶ ቤት «ሞተ» ማለት ነውር ሆኖ «ምዕራፉ አለቀ» ይባል ጀመር። ስለ ሟቹም ከደግነቱ በቀር ሌላ አይነሳም። ሰው ሁሉ በልቅሶ ቀን ደግ ሆነ።

ዝማም ይህ ሁሉ ሲሆን የሳቀችው ለጥቂት ጊዜ ነው። ኋላ ግን ፍርሃት ገባት። መጽሐፍ በከፈተች ቁጥር የምታገኘው ራሷን ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ስታይ የመጨረሻው ይታወቃታል። ሁሉም እሷ የወደደችው ነገር ነበረበት፣ ሁሉም እጅ እጅ አላት። ደረጃው ላይ ቆማ «ተስማማኝ» ስትል፣ ይስማማት አይስማማት ለራሷም እንደማይታወቃት አወቀች። ይህን የምታጫውተው ሰው ፈለገች፤ የምታጫውተው ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ፊቱን አዙሮባታል።

ይህ ሰው ጎረቤቷ ውድነሽ ናት። ሁለቱ ከልጅነታቸው አንድ አጥር ተካፍለው ያደጉ ናቸው። ከብዙ ጓደኞቿ መካከል ዝማም ተናግራ የማታስቀይማት፣ ተናግራም ዝማምን የማታስቀይማት ውድነሽ ብቻ ነበረች። የውድነሽ ባል ጓንጉል ከዓመት በፊት አርፎ ከተማዋ አልቅሳለታለች። ከዚያ ልቅሶ ወዲህ ግን ውድነሽ ቀዘቀዘች። ሰላምታ አለ፣ ወሬ የለም። ዝማም ሐዘን ነው፣ ይወጣላታል ብላ ጠበቀች። አልወጣላትም። ምን እንዳጠፋች ግራ ገብቷት አጥሩን እያየች ትቀመጥ ነበር።

እንዲህ ባለ ጊዜ ነው አቶ ቢተው ራሳቸው አንድ መጽሐፍ ይዘው ቤቷ የመጡት። ደራሲዋ ውድነሽ ናት። ዝማም ክው አለች፤ ጓደኛዋ መጻፏን እንኳ አልሰማችም ነበርና። አቶ ቢተው ተደላድለው ተቀምጠው ሌላ ነገር አጫወቷት። ደራሲዎቹ ሁሉ ዝማም የምትወደውን አውቀው ስለሚጽፉ መጽሐፍ መውደቅ ቀርቷል። መጽሐፍ ካልወደቀ መጠቅለያ የለም። ቅመም ነጋዴዎቹ በርበሬ በእፍኝ መሸጥ ጀምረዋል፣ እሳቸው ቤትም መጥተው አቤት ብለዋል። ይህ የውድነሽ መጽሐፍ ደግሞ አህያም የለው፣ ዝናብም የለው፣ ሰውየውም ገና በመጀመሪያው መስመር ሞቷል። እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ ብለው ተነሱ። አስተያየቷ ነጻ መሆኑንም በር ላይ ደገሙላት።

ዝማም ማንበብ ጀመረች። መጽሐፉ የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ታሪክ ነው። ሴትዮዋ የሟቹን ልብስ ታጥባለች፤ የትኛውን ለማን እንደምትሰጥ ታስባለች፣ በእያንዳንዱ ልብስ ትናደድበታለች። ይህን ለብሶ እንዲህ አለኝ፣ ያንን ለብሶ እንዲህ አደረገኝ ትላለች። በቃ። ሌላ የሚሆን ነገር የለም። ዝማም መጽሐፉን ጠላችው። ሴትዮዋ ቂመኛ፣ ቆጥቋጣና መራራ ሆነችባት። አስቀምጣው ወጣች፣ ተመልሳ አነሳችው፣ እንደገና አስቀመጠችው። ከዚያ ልቅሶው ጋ ደረሰች።

ልቅሶው ላይ አንዲት ወዳጅ ትመጣለች። ይህች ወዳጅ በአገሩ የታወቀች፣ የተሰማትን ለማንም የማትሸሽግ ሴት ናት። ሟቹን የቅርቡ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ድንኳኑ ግን ደግነቱን ብቻ ያወራል። ሚስቱ ብቻዋን ክፉ ሆና ተቀምጣ ያቺን ወዳጇን ትጠብቃለች፤ እሷ እውነቱን ትልልኛለች ብላ። ወዳጅ ሆዬ ትገባለች፣ አቅፋ ትስማታለች፣ «እንዴት ያለ ደግ ሰው ነበር» ብላ ትቀመጣለች። ሚስትየዋ ጓዳ ገብታ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ትቆማለች።

ዝማም መጽሐፉን ወረወረችው። ያለችውን ታስታውሳለች፤ ቃል በቃል ብላዋለች። ፊቷ ጋለ፣ ቀጥሎ ተናደደች፣ እኔን ነው በአደባባይ የምታዋርደኝ ብላ ብቻዋን ጮኸች። ሰው ሁሉ ያለውን ብል ምን አለበት? ደግሞም ሐዘንተኛ ፊት ምን ይባላል? እንዲህ ከራሷ ጋር ስትሟገት ቆይታ ድንገት አንድ ነገር ታወቃት። ተናዳለች። ስንት መጽሐፍ ካነበበች በኋላ፣ እነሆ አንድ መጽሐፍ አናደዳት። ጣዕሟ ተመልሷል። ደስታው ከንዴቱ ጋር ተደባልቆባት መጽሐፉን ከወደቀበት አንስታ እስከ መጨረሻው አነበበች።

አሁን ጭንቁን ተመልከቱት። መጽሐፉ አልተስማማትም፤ ይህ እውነት ነው። እውነቱን ከተናገረች የጓደኛዋ መጽሐፍ ተገንጥሎ በርበሬ ይቋጠርበታል። ተስማማኝ ብላ ከዋሸች ደግሞ መጽሐፉ ተገዝቶ መደርደሪያ ላይ ይቆማል፣ የሚከፍተውም የለም፤ ውድነሽንም ለሁለተኛ ጊዜ ትዋሻታለች።

ደራሲና ቀማሽ ከፍርዱ በፊት መነጋገር ክልክል ነው። ውድነሽ ግን በገበያው ዋዜማ ልብስ ለማስጣት የወጣች መስላ አጥሩ ጋ ቆመች። ዝማምም ወጣች። ውድነሽ ቀና ብላ ሳታያት ነበር የተናገረችው።

«እንዳትራሪልኝ» አለች። «አንዴ ራርተሽልኛል፤ ይበቃኛል።»

ይህን ብላ ገባች። ዝማም ጓደኛዋ ያሰጣችውን ልብስ እያየች ቆየች፤ ሁሉም የሴት ልብስ ነበር።

በገበያው ቀን ሕዝቡ ሞልቷል። ቅመም ነጋዴዎቹ ጋሪያቸውን አዘጋጅተው ፊት ለፊት ቆመዋል። አቶ ቢተው ተኮፍሰው ተቀምጠዋል። ውድነሽ ከኋላ፣ ከጎመን ሻጮቹ አጠገብ ናት። ዝማም ደረጃው ላይ ወጥታ፣ ሴትዮዋ እንዳናደደቻት፣ ልብሱ እንደበዛባት፣ ልቅሶው ጋ ስትደርስ መጽሐፉን እንደወረወረችው አንድም ሳታስቀር ተናገረች። የውድነሽን ስም ሳትጠራ፣ የራሷንም ሳትደብቅ፣ የመጣችው ወዳጅ እኔ ነኝ አለች። ሕዝቡ ጉድ ብሎ እርስ በርሱ ተያየ። አቶ ቢተው በእጃቸው ቃሉን ዝጊው አሏት።

«አልተስማማኝም» አለች ዝማም። «አንብቡት።»

ሕዝቡ ግራ ተጋባ። እንዲህ ተብሎ አያውቅም። አንዲት ሽሮ ነጋዴ ከፊት ቆማ፣ ታዲያ እኛ ምን ብለን እናውራ ብላ ጠየቀች፤ ወደደችው ወይስ ጠላችው? ዝማም እኔ ጠልቼዋለሁ፣ እናንተን ግን አላውቅም ብላ መለሰች። አቶ ቢተው ተነስተው ደንቡ የሚያውቀው ሁለት ቃላትን እንደሆነ፣ ከሁለቱ አንዱ እንደተባለ፣ ከዚያ በኋላ የተባለውም እንዳልተሰማ እንደሚቆጠር ወሰኑ። ሕዝቡ እንዳልተሰማ የተቆጠረውን በደንብ ሰምቶ ነበር። መጋዘኑ ተከፈተ፣ ጋሪዎቹ ተጫኑ። ውድነሽ ሥራዋ ሲጫን አንዴ አይታ ወደ ቤቷ ሄደች።

ከዚያ የሆነውን እንግዲህ ሰምታችሁ ፍረዱ። የዚያ ሰሞን በርበሬ የገዛ ሁሉ የውድነሽን ገጽ ይዞ ቤቱ ገባ። ቀማሿ አንብቡት ብላለችና፣ ደግሞም ማንበብ ምን እንደሚመስል ብዙው ሰው ረስቶት ነበርና፣ በርበሬውን እያራገፈ አነበበው። ያለቅስ ጀመር። ይህ ዕንባ የመጽሐፉ ይሁን የበርበሬው መለየት ስላልተቻለ ጉዳዩ ለአቶ ቢተው ቀረበ፤ እሳቸውም አጣሪ ላኩ፣ አጣሪዎቹ እያስነጠሱ ተመለሱ። ገጹ በየቤቱ ተበትኖ ስለነበር ደግሞ፣ የሟቹ ካፖርት ታሪክ ያለው ማን ጋ ነው፣ ከልቅሶው በፊት ያለው ማን ወሰደው እየተባባለ ሰው በር ለበር መዞር ጀመረ። ጨው ብቻ ሊገዛ ወጥቶ እርድ ጨምሮ የሚመለስ ሞላ።

የባሰው ደግሞ ሰዉ አለመስማማቱ ነው። አንዱ ሴትዮዋ ክፉ ናት ሲል፣ ሌላው የልቤን ተናገረች ይላል። ሽሮ ነጋዴዋ፣ ጥፋቱ የዚያች ልቅሶ የመጣችው ወዳጅ ነው ብላ ከገዛ እህቷ ጋር ተኳረፈች። ባልና ሚስት ማዕድ ላይ ተሟገቱ። እየመጡ የትኛችን ነን ልክ ብለው ዝማምን ሲጠይቋት፣ የኔን ተናግሬያለሁ ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልሰጠችም። ይህ ደግሞ ከቀማሽ አይጠበቅም። አቶ ቢተው ሻሯት። በምትኳ የተሾመው ሰውዬ የቀረበለት ሁሉ የሚስማማው፣ ምግብም አይመርጥም የሚባል ጨዋ ሰው ነው። አህዮቹም እሱ ምንም ስላላለ ዝናብ ላይ እንደቆሙ ናቸው።

ለዝማም ግን ይህ ሁሉ ወሬ ነበር። ሹመቱ መሄዱም አላስከፋትም። የከነከናት ሌላ ነው። ከተማው በሙሉ ስለ መጽሐፉ ያወራል፣ ሁለቱ ግን አልተነጋገሩም። አንድ ከሰዓት በኋላ ቆረጠችና በአጥሩ ዞራ ገባች። ውድነሽ በረንዳው ላይ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች። ተቀመጪም፣ ሂጂም አላለቻትም። ዝማም ራሷ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«ጓንጉልን አልወደውም ነበር» አለች ዝማም።

የውድነሽ እጅ ምስሩ ላይ ቆመ።

«ምኑን?»

«ስትናገሪ ይቀማሽ ነበር። አንድ ነገር ጀምረሽ እየሳቅሽ ስታወሪ እሱ ይጨርሰዋል፤ ያበላሸዋልም። አንቺ ደግሞ ዝም ትያለሽ። እኔ ቤታችሁ ስመጣ ፊቱን ያጠቁራል፣ ስሄድ ነው የሚጫወተው። ጭንቅላቱም ደረቅ ነበር። ልቅሶው ላይ ደግ ያልኩት ሰው ሁሉ ስላለ ነው። ፈርቼ ነው። ደግ አልነበረም።»

ውድነሽ ሰፌዱን መሬት አስቀመጠች። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ፊቷ ላይ ተቋጥሮ የኖረው ነገር ተፈታ። ሳቅ አመለጣት፣ ሳቁ ሳያልቅ ዕንባዋ ወረደ። ነጠላዋን አልነከሰችም። አገር እየሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለቀሰች። ዝማም አልነካቻትም፣ አይዞሽም አላለቻትም፤ ተጠግታ ተቀመጠች። ብዙ ቆይታ ውድነሽ ፊቷን በመዳፏ ጠረገች።

«እኔ ግን እወደው ነበር» አለች።

«አውቃለሁ» አለች ዝማም። «አንብቤዋለሁ።»